ውሃ የማይገባው፣ አቧራ የማይገባው ከቨር

ጥር 4
ወሩ ከገባ ገና አራት ቀኑ፣ ስልኬ ግን ሦስተኛ ውድቀቱ። ቡሬ መንገድ፣ ኮረኮንቹ ላይ፣ ከሞተር። መስታወቱ ተሰነጣጠቀ። አራትና ሰባት ቁጥር አይታዩም፤ በግምት ነው የምደውል።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም ባልነበር። እኔ ላም አዳቃይ ነኝ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ባለቤቷ ይደውላል። ጧት ከታየባት ማታ፣ ማታ ከታየባት በነጋው ጧት መድረስ አለብኝ። ካመለጠኝ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

የወይዘሮ ሀብትነሽ ላም፣ ወለላ፣ ሁለት ጊዜ አዳቅያት ሁለቱንም ሳትይዝ ቀረች። ባለቤታቸው ቄስ ክንፈሚካኤል ባለፈው፣ በር ላይ ቆመው፣ "እንግዲህ ሦስተኛውን ሞክሪ። ካልያዘች ለፋሲካ ቅርጫ ናት" አሉኝ። ወይዘሮ ሀብትነሽ የወለላን ጆሮ እያሻሹ ወደ ሌላ አዩ። እኔም አብሬ ወደ ሌላ አየሁ።

ሮጬ ነው የምደርስላቸው… ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት?

ጥር 7
ፍኖተ ሰላም፣ ቴዎድሮስ ሱቅ። ስልክ ይጠግናል፣ ከቨር ይሸጣል፣ ሰው ይመክራል። መስታወቱን ቀየረልኝ።

"ዶክተር፣ ላንቺ ሥራ ጠንካራ ከቨር ነው የሚያስፈልግሽ።" ዶክተር አይደለሁም ማለት ከተውሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ሦስት ዓይነት ደረደረ። አንደኛው እንደ ላስቲክ ስስ። ሁለተኛው እንደ መጽሐፍ የሚከፈት። ወደድሁት። "ይሄ ለቢሮ ሰው ነው" ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ሦስተኛው ጥቁር፣ ባለ ጎማ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ያበጠ። የትራክተር ዘመድ ይመስላል።

"የወታደር ነው። ውሃ አይገባው፣ አቧራ አይገባው!"
"ቢወድቅስ?"

የራሱን ስልክ አልብሶ ወለሉ ላይ ወረወረው። ነጥሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሁለታችንም ተንበርክከን በመጥረጊያ እንጨት አወጣነው። ደህና ነው። ገዛሁ።

ጥር 8
ከቨሩ መመሪያ አለው። አነበብሁት፤ የተጻፈ ነገር ማለፍ አልችልም። ከሁለት ሜትር ቢወድቅ ምንም አይሆንም ይላል። ከሞተር ተወርውሮ በሬ ቢረግጠውስ? ስለዚህ ዝም ብሏል። የጸሐፊው ዝምታ አላማረኝም።

ጥር 11
ኪስ አይገባም። አንድ ገበሬ "የሞተሩ ባትሪ ነው?" አለኝ።

ጥር 14
ወደቀ። ምንም አልሆነ! ጎማው ብቻ ትንሽ ተንሸራተተ፤ በአውራ ጣቴ ገፍቼ መለስሁት። ቴዎድሮስን መረቅሁት።

ጥር 15
ቴዎድሮስን የመረቅሁትን አነሣሁ።

ከጧት ጀምሮ ቢሮ ሪፖርት ስጽፍ፣ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ጭጭ። ከብቱ ሁሉ ጾም ገባ እንዴ? እያልሁ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተበረገደ። ወይዘሮ ሀብትነሽ። እስከ ጉልበታቸው አቧራ።

"አለሽ እንዴ? እኔ እኮ ሞተሽ ይሆናል ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልገባ ነበር!"

ስልኬን አወጣሁ። አሥራ አንድ ያልተነሣ ጥሪ። የተንሸራተተው ጎማ የድምፅ መቀነሻዋን ቁልፍ ጭምቅ አድርጎ ይዟታል። ውሃ አይገባው፣ አቧራ አይገባው… ድምፅም አይወጣው ኖሯል።

"ጎማው ነው እናቴ…"
"ስልክሽን ጎማ አልብሰሽ እኔን ማቅ ልታለብሺኝ!"

የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ታንክ ጭኜ፣ እሳቸውን ከኋላ አፈናጥጬ በረርሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጠየቅሁ።

"መቼ ጀመራት?"
"ማታ!"

ሞተሩን አቆምሁ። "ማታ ከሆነማ አልፏል፣ እናቴ። መሄዳችን ከንቱ ነው።"

ጀርባዬን በጣታቸው ነካ አድርገው በቀስታ፣ "ጧት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት።"
"ታዲያ ለምን ማታ ይላሉ?"
"ቶሎ እንድትመጪ ነዋ! ጧት ነው ካልሁሽ እስከ ማታ ትቆያለሽ።"
"ያለፈውስ?"
"እሱም ጧት ነበር።"
"የመጀመሪያውስ?"
"ምን ትመረምሪኛለሽ፣ የንስሐ አባቴ ነሽ?"

ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ ግማሽ ቀን ቀድሜ ደርሻለሁ። እየሮጥሁ። በፍጥነቴም እየኮራሁ።

ዛሬ ስንደርስ አሥር ሰዓት ተኩል። ትክክለኛዋ ሰዓት። የዘገየሁ ቀን ብቻ በሰዓቱ ደረስሁ።

ጥር 19
ለቄስ ክንፈሚካኤል የማታና የጧቱን ነገር አልነገርሁም። ጎማውን ግን ነገርኋቸው። ከግድግዳው ላይ የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ፤ መጽሐፉ የሚኖርበት የቆዳ ቤት፣ በትከሻ የሚንጠለጠል። ራሳቸው ይሰፋሉ።

"ይሄ የአያቴ ነው። ከበቅሎ ወድቋል፣ ወንዝ ተሻግሯል። ዳዊቱ አንድ ቅጠል አልጎደለበትም።"

ስልኬን በሰንበሌጥ ለኩት። "ከዳዊት ያንሳል። ውስጡ ምን አለ?"
"የላሞች ስም።"
"የወለላም?"
"የወለላም።"
እንደገና ለኩት። "እንግዲያ ደርቤ እሰፋዋለሁ።"

ቴዎድሮስ ሱቅ ሙሉ ከቨር አሳየኝ። ይሄን አላሳየኝም።

የካቲት 7
ሃያ አንዱ ቀን አለፈ፤ ወለላ ኮርማ አልፈለገችም። ወይዘሮ ሀብትነሽ በየጧቱ እየደወሉ "ምንም የለም" ይላሉ። ምንም የለም ለማለት አራት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።

ማኅደሩ ደረሰልኝ። ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጥቁሩን ከቨር ታንኩ እንዳይንገጫገጭ ሥሩ ሸጎጥሁት። እዚያ ጎበዝ ነው።

መጋቢት 27
የምርመራ ቀን። የቅርጫው ሰዎች ትናንት መጥተው ወለላን ዙሪያዋን አይተዋታል፤ አንዱ ሽንጧን መታ መታ አድርጓል አሉ። ወይዘሮ ሀብትነሽ እስካሁን አልረሱለትም።

ጓንቴን እስከ ትከሻዬ አጥልቄ ክንዴን ሰደድሁ። ዐይን ሁሉ ክንዴ ላይ ነው። ወለላ ብቻ ታመሰኳለች።

"አለ!"
"ምኑ?" አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።
"ጥጃው!"

ቄስ ክንፈሚካኤል ወደ ግድግዳው ዞረው ጥምጣማቸውን ፈትተው እንደገና ጠመጠሙ። ደህና ነበር እኮ፣ አልተፈታም ነበር።

በዚህ መሐል ጀርባዬ ላይ ማኅደሩ ጮኸ። ጥርት ብሎ።

"እናቴ፣ ያንሡልኝ።"

ማሰሪያውን ፈተው አነሡት። "ሥራ ላይ ናት፤ እጇ ላም ውስጥ ነው። ምን ልበልልህ?… ኮርማ ፈለገች? መቼ ጀመራት?… ማታ?"

ዐይናቸው ጠበበ።

"አንተ! ማታ ነው ወይስ ጧት? እውነቱን ተናገር!"

ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጧት ነው። አትሩጪ፤ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።"