ስልኩ ያላነበበው ቁልፍ

ጥቅምት 4
አዲሱ የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ዛሬ ተለቀቀ። አሮጌው ተዘጋ... ሃያ ዓመት ያገለገለው። እሱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሁሉንም ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ እየሸጎጥን ነበር የምንሠራው። አስቀያሚ ነበር፣ እውነት ለመናገር። አለቃዬ "ይሄኛው ዓይን ይስባል" አለ። ተጨበጨበ። ምንም አልተሰማኝም። ደክሞኝ ይሆን?

ጥቅምት 11
አባዬ ደወለ። አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። በሌላው ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ጽሑፍ ግን ስልኩ ነው ድምፅ አውጥቶ የሚያነብለት። የዓይን ሐኪም ቀጠሮውን በአሮጌው ገጽ ራሱ ነበር የሚይዘው። ማንም እንዲያግዘው አይፈልግም።
"ገጹን ቀየራችሁት እንዴ?"
"አዎ። እንዴት ነው?"
"አምሯል ይላሉ።"
ሳቅኩ። ስብሰባ ነበረብኝ... ስልኩን ዘጋሁት።

ኅዳር 2
ሥራ። ቤት። ሥራ።

ኅዳር 23
አባዬ ጋ ሄድኩ። "እስኪ መብራት አብሪ" አለኝ። በርቶ ነበር።
ወዲያው ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ "የዓይንዎ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል። ከጥቅምቱ ምርመራ ለምን ቀሩ?" አለችው።
"ዘነጋሁት" አላት። እሱ? የጎረቤት ልጆችን ልደት እንኳ የማይረሳ ሰው...
ማየቱ ይመለሳል ወይ አልኳት። አይመለስም አለች።

ኅዳር 24
ስልኩን ተቀብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ርዕሱን አነበበ። የሐኪሞቹን ስም አነበበ። "ቀጠሮ ያዝ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቃሉን ብቻ ብሎ አለፈ። የሚጫኑት ነገር መሆኑን አልተናገረም። እንደሚከፈት ቁልፍ ሁለቴ ነካሁት። ምንም አልተከፈተም።
ለካ ቁልፍ አልሠራሁም። ባዶ ሳጥን ቀለም ቀብቼ ቁልፍ አስመስዬ ነው የተውኩት... እንዲያምር። የሚያይ ሰው ሲነካው ይከፈታል፣ ለሚያነበው ስልክ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። አሮጌው ላይ እውነተኛ ቁልፍ ነበረ፣ ሌላ ነገር ስለማናውቅ። ቁልፍን ቁልፍ አድርጉት የሚለውን ደንብ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ።
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ሦስት ቀን ሞከርኩ። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ።"
"ደውለህልኝ ነበር እኮ።"
"ስትስቂ ጊዜ ተውኩት። ልጄ የሠራችው አልገባኝም ልበል?"
ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

ኅዳር 25
አስተካከልኩት። የአንድ ቃል ለውጥ ነው። አራት ደቂቃ ፈጀ።
አለቃዬ "ማን ቅሬታ አቀረበ?" አለ።
"ማንም" አልኩት።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... የምጮኸውም እኔ።

ታኅሣሥ 1
አባዬ ራሴ ካልሞከርኩት አለ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ስልኩ "ቀጠሮ ያዝ፣ ቁልፍ" አለ። ተጫነው። ቀን መረጠ፣ ሰዓት መረጠ፣ ጨረሰ።
"ጎሽ፣ አሁን ሠራሽ" አለኝ። ከዚያ ጣቱ ወደ ታች ወረደ... ቀጠሮውን ሰረዘው።
"ምነው አባዬ?"
"ገና ለሚያይ ሰው ይድረስ።"