በፔርሙዝ ያመጣሽው አብሽ

እማዬ፣

ካረፍሽ ነገ ዓመት ይሞላሻል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬሽ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የልጅ ልጅሽ የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ አማርኛውን ከዕብራይስጡ እየደባለቀች አሁንም ስላንቺ ትጠይቀኛለች። የመናዊት አማቴ ቀኝ እጃቸውን ስለሚያማቸው፣ ዓርብ ዓርብ ማርሞሬክ ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የየመኖቹን ማባያ ሒልቤን የምመታላቸው እኔ ሆኛለሁ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዱቄቱ ተዘፍዝፎ አድሮ ጠበቀኝ። መራራውን ውሃ ደፍቼ መምታት ስጀምር እጄ ቆመ። ሽታው ያንቺ ቤት ሽታ ነው። እማዬ፣ አብሽ ነው! በማር ፈንታ ቃሪያና ሎሚ ጨመሩበት እንጂ ያው አብሽ ነው። ስንት ዓመት ከገበታቸው ስበላው ኖሬ፣ ቃሪያው ሸፍኖት አላወቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ያ ቀን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በወለድኩ ማግስት አብሽ በማር በጥብጠሽ፣ በፔርሙዝ ይዘሽ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረሽ ሆስፒታል መጣሽ። ባገራችን አራስ የምትጠነክረው በሱ ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት ሳለሁ በአብሽ ሽታ የሳቁብኝ ገና አልወጣልኝም ነበር። አማቴም ሊመጡ ነው። ክዳኑን እንኳ ሳትከፍቺ መልሰሽ እንድትወስጂው ነገርኩሽ። ቤሰደር፣ እሺ እንደማለት፣ አልሽ። ከኔ ጋር በዕብራይስጥ የምታወሪው ሲከፋሽ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስትመጪ አማቴ ያመጡት ሒልቤ ራስጌዬ ነበር፤ ግማሹን በልቼዋለሁ። ዕቃውን ከፍተሽ አሸተትሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝና ክዳኑን መልሰሽ ገጠምሽ። ጥሩ ነው፣ ወተት ያመጣል፣ ብዪ አልሽኝ። የማታውቂውን ምግብ በይሉኝታ ያመሰገንሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ጊዜውኑ አውቀሻል። ምነው በተቆጣሽኝ ኖሮ!

አብሹ ከጎንደር ስትነሺ በመቀነትሽ ጫፍ ቋጥረሽ፣ እኔን አዝለሽ አውሮፕላን ስትገቢ ያልጣልሽው ዘር ነው። እዚህ አገር ክፋር ግቢሮል ሰፈርም በረንዳሽ ላይ በባልዲ እየዘራሽ አቆየሽው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲሉ እኔን ነው።

የባሰውንም ልንገርሽ። ባለፈው ዓርብ አማቴ፣ እንዲህ በመዳፍ መምታት ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እናቴ ካልኩ፣ ታዲያ ምነው የሷን አላቀመስሽንም ሲሉኝ የፔርሙዙን ነገር ልናገር ነው። ከኢንተርኔት አይቼ ነው አልኳቸው። ሁለተኛ ካድኩሽ ማለት ነው።

ተዝካርሽን የማወጣው በኔ ቤት ነው፤ አማቴንም ጠርቻለሁ። ከባልዲሽ የለቀምኩትን ዘር ፈጭቼ ዛሬ ዘፍዝፌዋለሁ፤ ፔርሙዝሽንም አጥቤ አስቀምጫለሁ። ነገ ቄሱ ባርከው ሲጨርሱ በማር በጥብጬ አቀርበዋለሁ። አማቴ ገና ሲያሸቱት ያውቁታል፣ አንቺ የሳቸውን እንዳወቅሽው። ማን እንዳስተማረኝም፣ ምን እንዳደረግሁሽም በሰው ሁሉ ፊት እነግራቸዋለሁ። ከእንግዲህ አብሽ በመታሁ ቁጥር ስምሽን ሳላነሳ እጄን ከሳህኑ አላወጣም።

የመጀመሪያውን ስኒ ግን ለእንግዳ አልሰጥም። እሱን የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን የመለስኩብሽን።

ልጅሽ