ለክቡር ወላጄ፦ መኪናው እስከ ፈተናው ማግስት ቢቆይስ?

ለተከበሩ የአሳዳጊ አልባ ልጆች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከማያልቀው ስብሰባዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። በሕግ ፊት ወላጄ እርስዎ የሚመሩት ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ልጅ ለወላጁ እንደሚጽፈው ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ተያይተን ስለማናውቅ “ክቡር” ማለቱ ይሻላል ብዬ ተውኩት። በፖስታ አሽጌ የላክሁት ማመልከቻ ከእርስዎ ወደሚመለከተው ክፍል፣ ከሚመለከተው ክፍል ደግሞ ተመልሶ ወደ እርስዎ ስለተመራ፣ በመንገድ እንዳይደክም በማለት ይህኛውን ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ አድርጌዋለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ይጀመራል። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ መኪና መጥቶ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚወስደኝ ተነግሮኛል። የተመዘገብኩት እዚህ ስለሆነ እዚያ መፈተን አልችልም፤ ለከርሞ ልጠብቅ እንዳልል በሚቀጥለው ወር አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላኛል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ልጅነቴም፣ የምተኛበት አልጋም፣ የትምህርት ቤት ወጪዬም አብረው ያበቃሉ። የምለምነው ፈተናው እስኪያልቅ እንዳልነሳ ብቻ ነው። ሆኖም የተደረገልኝን ሳላነሳ ብለምን ውለታ በላ ስለምባል፣ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ በአንድ ልጅነት ሰባት ትምህርት ቤት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በሄድኩበት ሁሉ የምደርሰው ስለ ቅጠል ክፍሎች ትምህርት ሲጀመር ስለነበር ስለ ቅጠል የሚቀረኝ ነገር የለም። ክፍልፋይን ግን አንደኛው ትምህርት ቤት “ሳምንት እንጀምራለን” ሲል ተነሳሁ፣ ሁለተኛው “ጨርሰናል” ሲል ደረስኩ። ክፍልፋይ የገባኝ ዘንድሮ ነው። የሒሳብ መምህሬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውኝ፣ የታናናሾቼን ትምህርት ከሥሩ ጀምረው አስረዱኝ፤ አንድም ቀን አልሳቁብኝም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታ ምን እንደሚመስል ስለረሳሁት ያመመኝ መስሎኝ ነው እንጂ።

ሁለተኛ፣ አምና አርፍጄ ስደርስ ርእሰ መምህሯ ወላጅ ካላመጣሁ ክፍል እንደማልገባ ስለነገሩኝ፣ ወላጄን ፍለጋ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። የበሩ ጥበቃ ባለጉዳይ የሚስተናገደው ሐሙስ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ሐሙስ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በተከታዩም ሐሙስ እንደዚያው። በመጨረሻ ጥበቃው አዘኑልኝና በምሳ ሰዓታቸው፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ወላጅ ሆነው ቀረቡልኝ፤ ሁለተኛ አይለመዳትም ብለው ፈረሙልኝ። ስንወጣ “አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ሆነሽ ነው የምታረፍጂው?” ብለው ጠየቁኝ። ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ይህን የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እባክዎ፣ ያለ ሥልጣናቸው ስለ ወለዱኝ እንዳይቀጧቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ክፍሌ ስፋት ስለተጨነቁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያለሁት ፀጉር ሠሪ ከሆኑ አንዲት ሴት ቤት ነው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሜትር ይዞ የመጣው ባለሙያዎ የክፍሌን ወርድ የለካው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳይሆን ከግድግዳ እስከ ቁም ሳጥኑ ስለነበር፣ ከመመሪያው አንድ ስንዝር ጎደለ። እትዬ ቁም ሳጥኑን ብቻቸውን እየጎተቱ ኮሪደር ላይ አወጡና እንደገና ለካ አሉት፤ እሱ ግን አንዴ የተመዘገበ እንደማይፋቅ ነገራቸው። እትዬም ልጅቷ ትተኛበታለች እንጂ አትጨፍርበትም ብለው ሲለምኑት፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ስለዚህ ለጠበበኝ ክፍል ሲባል አሥራ አራት ሴቶች ወደሚተኙበት አዳራሽ እወሰዳለሁ፤ አዳራሹ “ክፍል” ስላልሆነ መመሪያው አይመለከተውም ተብያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህንን ይሆን? ቁም ሳጥኑ እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ነው፤ እትዬ ለማስገባት አቅም አጡ፣ ወይም አልፈለጉም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስጽፈው ሰለቸኝና ተውኩት። ተናድጄ እንዳይመስልዎ። መናደድ የት ትምህርት ቤት ላይ እንደቀረብኝ አላስታውስም። ሌሊት የማጠናው እንኳ ፍርሃት ስላለብኝ ሳይሆን እጄ ስለለመደ ነው። ግን ይህን አንድ ነገር ልጨርሰው እፈልጋለሁ። ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለኝም።

ለሥራዎ መሳካት፣ ለመኪናዎ ነዳጅ አለመጉደል፣ ለመመሪያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

እስከሚቀጥለው ወር ድረስ የእርስዎው የሆንኩ፣
ሰባት ትምህርት ቤት የዞረች ልጅዎ

ማሳሰቢያ፦ የአብራክዎ ክፋይ የሆነው ልጅዎ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ይማራል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ማስመሪያውን ያውሰኛል፤ በሕግ እኅቱ መሆኔን ግን አልነገርኩትም። ቤታችሁ ወደ ከተማው ማዶ ከተዛወረ ወዲህ በሁለት አውቶቡስ እንደሚመላለስ፣ ይህንንም ያደረጉት “ልጅ ከትምህርቱ መሃል አይነቀልም” ብለው እንደሆነ አጫውቶኛል። ከዚህ በላይ ላስረዳዎ የምችለው የለም፤ ያውቁታል። በፈተናው አዳራሽም የተመደብነው ጎን ለጎን ነው። ማክሰኞ ማታ ፈተናው እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁት፣ አጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደነበረ አብረው ይጠይቁት።