በግቢዬ ስለ ቀረው ጥድ የተናዘዝሁት

ዛሬ ቅዳሜ፣ የካቲት ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀትር በፊት። ዓመተ ምሕረቱን ጸሐፊው ከራስጌ ስላሰፈረው እኔ አልደግመውም። በዚህ መንገድ ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የፈጀሁ፣ ለሙያዬ ይሁን ለምላሴ ሳይለይልኝ ሰፈርተኛው ሁሉ «መቀስ» እያለ የሚጠራኝ ሴት ነኝ። ዳሌዬ ከድቶኛል፣ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማንስ ለይሉኝታ ብቻ ብቅ እንዳለ ለይቼ አውቃለሁ። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ምስክሮቼ በአልጋዬ ዙሪያ ተቀምጠው እየሰሙኝ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ከዚህ በፊት የተናገርሁት ቢኖር በዚህ ፈርሷል።

ምስክሮቼ ፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ብስክሌት ጠጋኙና ይህን የሚጽፈው ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ወራሾቼ ወንድ ልጄና ሴት ልጄ ናቸው። ሴት ልጄ ትራሴን ደግፋ ይዛለች። ወንድ ልጄ በማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ ክፍል ሠራተኛ ሲሆን በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ወንበር ቢሰጡት እንቢ ብሏል። ጸሐፊው በዚህ ክፍል የሚባለውን ሁሉ፣ የእኔንም የሌላውንም፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ሲያሳምር ካየሁት አልፈርምም።

አንደኛ። የስፌት መኪናዬ ከነመርገጫዋ፣ ከነመሳቢያዋ፣ በመሳቢያዋም ውስጥ ካለው መርፌና ክር ሁሉ ጋር፣ ከመንገዱ ማዶ ለምትሰፋው ሴት ይሰጥልኝ። ከእርሷ ጋር ቃል ከተለዋወጥን ዓመታት አልፈዋል። ደንበኞቼን እያባበለች ወስዳብኛለች፤ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠራም ሸሚዙን አይጥ የበላው ታስመስለዋለች። ነገር ግን ሴት ልጄ መርፌ ስትይዝ ጣቷን እንጂ ጨርቁን አትወጋም፤ መኪናዬም ጥግ ላይ ቆማ ከምትዝግ የሚነካት ሰው ታግኝ። በዝናብ ወራት መንኰራኩሯን የሚያዞረው ቺንጋ ይላላልና ጥቂት ጠመኔ ይቀባ። ይህን የነገርኋት እኔ መሆኔን ግን አትንገሯት።

ሁለተኛ። ደንበኛ ልብስ ሲለካ ራሱን የሚያይበት ትልቁ መስታወቴ ለፀጉር አስተካካዩ ይሰጥ። የእርሱ መስታወት በጥድ ግንድ ላይ በሚስማር ተሰቅሎ የኖረ ነበር፤ ዛፉ በወደቀ ዕለት እርሱም ተሰበረ። ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ይህ ሰው ወንበሩን ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ አንሥቶ በመስኮቴ ትይዩ ወዳለው ጥድ አዛወረው። ለምን ብለው ሲጠይቁት «ጥላው ይሻላል» አላቸው። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ቦታ ነበር። እርሱ አንድም ቀን አልተናገረም፤ እኔም አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁትም፤ ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን አረጀን። አሁን አንገቱን ደፍቷል። ጸሐፊው ይህንንም ጻፍ።

ሦስተኛ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም፤ የልብስ ዕዳ ግን አለብኝ። የብስክሌት ጠጋኙ ካፖርት በአንድ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሴት ትጨርስለት፤ የቁልፍ ቀዳዳውን ግን እባካችሁ ሌላ ሰው ይሥራው። አሰፍተው ሳይወስዱ የቀሩት ልብሶች ባለቤት ካልመጣላቸው ለቸገረው ይሰጡ።

አራተኛ። የጓሮዎቹ ሁለት ክፍሎች፣ ቁም ሣጥኑና የወጥ ቤቱ ዕቃ በሙሉ ለሴት ልጄ ይሁኑ። የወደቅሁ ዕለት ሥራዋን ጥላ የመጣች እርሷ ናት። እየተነጫነጨች ታጥበኛለች፣ እየተቆጣች ታጎርሰኛለች፣ ግን ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለችም። በልጅነቷ ክፍሉን ለወንድሟ ሰጥቼ እርሷን ወጥ ቤት አስተኝቻት ነበር። አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ ክፍሉ አሁን የእርሷ ነው።

አምስተኛ። ወደ መንገድ የሚያየው የፊቱ ክፍል፣ የሥራ ቦታዬ የነበረው፣ ከነሙሉ ግቢው፣ በግቢውም ውስጥ ካለው ጥድ ጋር ለወንድ ልጄ ይሁን። እዚህ ላይ ቃሌ ይረዝማል፤ የምትቸኩሉ ካላችሁ ታገሡኝ።

ይህ መንገድ ከዳር እስከ ዳር በጥድ የተጋረደ እንደ ነበር የማያውቅ ከመካከላችሁ የለም። ማን እንደ ተከላቸው የሚያውቅ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም። ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስገባ የጣሪያውን ቆርቆሮ በቅጠላቸው ሸፍነውት ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ቤቱ አይጮኽም ነበር። አሁን በዘነበ ቁጥር እርስ በርስ መሰማማት አቅቶናል።

ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱ ይሰፋል ብሎ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ሰው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ምንም ሳይወሰን ተበተነ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ከተማ አንድ የዛፍ ባለሙያ መጣ። ግንዱን እያንኳኳ፣ ቅርፊቱን እየላጠ መንገዱን ዞረ፤ በአንዳንዶቹ ጥዶች ወገብ ላይ ቀይ ቀለም ቀባና ከማንም ጋር ሳይነጋገር በመጣበት መኪና ተመለሰ። በነጋታው ሰፈሩ ታመሰ። ብስክሌት ጠጋኙ «ቀይ መቼም ለደግ አይቀባም! እነዚህን ሊቆርጧቸው ነው» አለ። እውነቱን ነው ያላለ አልነበረም።

እሑድ ዕለት ሁሉም ወጣ። እኔ ወድቄ በዚህ አልጋ ላይ ነበርሁና በመስኮቱ አየሁ። የሽቦ ብሩሽ የያዘ፣ ብርጭቆ ወረቀት የያዘ፣ ኖራ በባልዲ የበጠበጠ፤ ከዓመታት ኩርፊያ በኋላ በአንድ ባልዲ የሚጠልቁ ጎረቤቶች አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሴት እንኳ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ የእኔን ደጃፍ ጥድ ትፍቅ ነበር። ቀዩ ቀለም አንድም ሳይቀር ተፋቀ፣ በላዩም ኖራ ተቀባ። ሲጨርሱ ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። የልብስ ቅዳጆቼን ለመወልወያ በመስኮት አቀብያቸዋለሁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ቆራጮቹ መጡ። አለቃቸው ወረቀቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ግራ ገባው። ከዚያም የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት፣ ይኸው እዚህ የተቀመጠችውን፣ «እመቤት፣ ቀዩ የታለ? ቀይ ያለበትን አትንኩ፣ ሌላውን ቁረጡ ነው የተባልነው» አላት። ባለሙያው ቀለሙን የቀባው ሊያድናቸው ኖሯል። ሰፈሩ እጁን በአፉ ጫነ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ «እሺ፣ የትኞቹ ነበሩ? አሳዩኝና ልተዋቸው» አለ። ሁሉም ጣቱን ቀሰረ። ሁሉም የቀሰረው በየራሱ ደጃፍ ወዳለው ዛፍ ነበር። «ይሄ ነው!» «ኧረ ያ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» «ውሸታም! ያንተ መቼ ተቀባ?» ሲባባሉ፣ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ሲይዝ፣ አለቃው ወደ ቢሮ ደወለ፤ ቢሮውም በወረቀቱ መሠረት ሥራህን ቀጥል አለው። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ባዶ ሆነ። ከሁሉም የተረፈው በአጥሬ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ በግል ይዞታ ውስጥ ያለ ዛፍ ያለ ባለይዞታው ፊርማ አይቆረጥምና።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። ያን እሑድ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና በዚህ ሲያልፍ ከመኪናው መስኮት አጠገብ የተቀመጥህ አንተ ነበርህ። መኪናው ቀስ አለ። ሰዎቹ ሲፍቁ አየህ፤ ቀዩ ምን ማለት እንደ ሆነ በመንገድ ክፍልህ የተጻፈ ነገር ነው፣ ታውቅ ነበር። መስኮቱን ዘጋህና አለፍህ። ይህን ለማንም ሳልናገር ጥርሴን ነክሼ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን ልትሰማኝ ይገባል። ለምን?

ጸሐፊው፦ ልጃቸው የመለሰው ቃል ይህ ነው፦ «ማንም አልጠየቀኝማ። በአዳራሹ ላስረዳ ብነሣ 'የማዘጋጃ ቤት ጆሮ፣ ተቀመጥ' ብለው አዋረዱኝ። ጋሼ ብስክሌት ጠጋኙ ነበር የጀመረው፣ ይመስክር። አንቺም እዚያው ተቀምጠሽ ዝም አልሽ። እኔስ ሰው አይደለሁም?»

ብስክሌት ጠጋኙ፦ «ብዬዋለሁ። አፌን ቆርጦ ይጣለው።»

እኔም ዝም ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ ይጻፍ። ስለዚህ ዛሬ በአራት ምስክሮች ፊት የምጠይቅህ እኔ እናትህ ነኝ። ጥዱን ለእኅትህ መስጠት እችል ነበር፤ እርሷ ብትሞት አታስቆርጠውም። ለአንተ የሰጠሁህ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አንገትህን ቀና አድርገህ እንድታልፍ ነው፤ ሰው «ጥዱን ያቆየው እርሱ ነው» እንዲልልህ። አፈር ስሆንልህ፣ የመቁረጫው ፈቃድ ላይ እንዳትፈርም። አትፈርምም፣ አይደል?

ጸሐፊው፦ ልጃቸው እንዲህ አለ፦ «እማዬ፣ ፈርሜያለሁ።»

ሴት ልጃቸው፦ «ምን አባክ ሆነህ ነው የምትፈርመው? የማን ነውና?»

ልጃቸው፦ «ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የውሃ መስመር እንዳስገባላት ብላ ውክልና ሰጥታኝ ነበር። በዚያ ፈረምኩ። የሰው ሁሉ ዛፍ ተቆርጦ የእናቴ ብቻ ሲቆም ቢሮ ውስጥ ያፌዙብኝ ጀመር። መንገድ ላይም ሰዉ ዓይኔን አያየኝም፤ የእናቱን አስተርፎ የኛን አስቆረጠ ነው የሚሉት። አላስቻለኝም። ሰኞ ማለዳ ቆራጮቹ ይመጣሉ።»

እኔም እንዲህ አልሁት፦ «እስከ ሰኞ እሞታለሁ ብለህ ነበር?»

ጸሐፊው፦ ተናዛዧ ውሃ ጠየቁ፤ ጠጡ፤ ጥቂት ዐርፈው ቀጠሉ።

ስድስተኛ። አንጀቴ ተቆርጧል፤ ሆኖም ሰጥቼ አልነሣም፤ ለልጄ የሰጠሁት ክፍልና ግቢ የልጄ ነው። ለውሃው መስመር የሰጠሁትን ውክልና ግን ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ሽሬዋለሁ፤ በዚያ ውክልና የተፈረመውን የዛፍ ፈቃድም አላጸድቀውም። በሕይወት እስካለሁ ጥዱ የእኔ ነው። ጸሐፊውን ይህ ይበቃል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ለሕጉ ይበቃል፣ እትዬ። ግን ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬም ነገም ዝግ ነው። ሰኞ ቢሮው ሳይከፈት ቆራጮቹ ይደርሳሉ» አለኝ። እንግዲህ ወረቀት እስኪደርስ ሌላ መላ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሰባተኛ። ይህ አልጋ ከነእኔ ወጥቶ ከጥዱ ሥር ይቀመጥልኝ። ዛሬውኑ። ሰኞ ሲመጡ ከግንዱ በፊት እኔን ያንሡ። እስከዚያ ከሞትሁም ወረቀቱ ቢሮ እስኪገባ ድረስ ከዚያ እንዳታነሡኝ። ልጆቼ፣ ጮሃችሁ አታልቅሱብኝ፤ ጩኸት አልወድም። ሌላ የምለው የለኝም፤ ደክሞኛል።

የጸሐፊው ማረጋገጫ። ከላይ የሰፈረው ቃል ከተናዛዧ አፍ እንደ ወጣ በምስክሮችና በወራሾች ፊት ተነቦላቸው «ነው» ብለዋል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ብርዱ ለሕመማቸው እንደማይበጅ ተናግራ ነበር፤ «የሚበጀኝ ነገር አልፏል» ብለው መለሱላት። ሰባተኛው ቃል ወዲያው ተፈጽሟል። አልጋው በበሩ አልወጣ ስላለ ልጃቸው በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ማንም አላዘዘውም። ራስጌውን ፀጉር አስተካካዩና ብስክሌት ጠጋኙ ያዙ፣ እግርጌውን ልጃቸው ብቻውን ያዘ፣ ሴት ልጃቸው ብርድ ልብስ ተሸክማ ተከተለች። ተናዛዧ የፈረሙት ከጥዱ ሥር ሆነው ነው። ቀለሙ እንዳይነካካ ወረቀቱን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ።

ከመፈረማቸው በፊት ልጃቸው አልጋውን መሬት ሳያስነካ «እማዬ፣ ራስጌሽ በየት በኩል ይሁን?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በመንገዱ በኩል አድርገው» አሉት። «ሲመጡ ልያቸው።»

የተናዛዧ ፊርማ፦ ፈርመዋል።
ምስክር፣ ፀጉር አስተካካይ፦ ፈርሟል።
ምስክር፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፦ ፈርማለች።
ምስክር፣ ብስክሌት ጠጋኝ፦ በአውራ ጣቱ አትሟል።
ምስክርና ጸሐፊ፦ ፈርሜያለሁ።
ወራሽ፣ ሴት ልጅ፦ ሰምታ ፈርማለች።
ወራሽ፣ ወንድ ልጅ፦ ሰምቷል። ብዕሩን ስሰጠው «ከሰኞ በኋላ» ብሎ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።