ለሲኒማ የተለቀሰ ለቅሶ

ኅዳር 12 ቀን 1931

ከጣሊያኑ ሲኒማ ሠሪ ጋር አማኑኤል ከምትባል የባላገር ከተማ ገባን። የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነው... ሥራ ከተባለ። የገበሬ ኑሮ ሊያነሣ ነው አሉ። ገበሬ አይቶ የሚያውቅ ግን አይመስልም። ጤፍ በሚታጨድበት ወር በሬ አስጠምዶ የታጨደ ማሳ አሳረሰ። እርፉንም ሴት ትጨብጥ አለ። “እዚህ አገር ሴት አታርስም” አልሁት። “ታምራለች” አለኝ ሲኞሩ።

እራት ላይ ደግሞ፣ “ከመቶ ዓመት በኋላ የታሪክ ሊቃውንት ኑሯችሁን ከዚህ ሲኒማ ያጠናሉ” አለ። ምስኪን ሊቃውንት።

ኅዳር 14

ሲኞሩ ስላዘዘው የመንደሩ ጭቃ ሹም አለበል በበሬዎቹ ቀንድ ላይ አበባ አሰረ። በዚያ ሽበቱ... አላፈረም። በሬዎቹ አፈሩ።

ኅዳር 15

ዛሬም አረስን። መሬቱ ሳይቀር ታዘበን።

ኅዳር 17

ሲኞሩ ለቅሶ አማረው። በሲኒማው አንድ ሽማግሌ ይሞታል፤ ሚስቱ ታልቅስ፣ ፈረስም ይጫን አለ። ለአለበል ነገርሁት። “ወለተ ሰንበት ታልቅስ” አለኝ።

ወለተ ሰንበት! ልጇ አስማማው ከአርበኞች ጋር ተይዞ ሐምሌ ላይ ገበያ መሐል የተሰቀለባት። ለሽፍታ ያለቀሰ ቤቱ ይቃጠላል ተብሎ ታውጆ፣ ሙሾ ሳይወርድለት፣ ፈረሱ ሳይዞርለት ቀረ።

“አያ አለበል፣ ቢነቁብንስ?”

“አስተርጓሚው አንተ አይደለህ?”

በዚህ ሰውዬ ነው አበባ አሰረ ብዬ የሳቅሁት?

ኅዳር 18

አገሩ ሁሉ ኩታውን አደግድጎ መጣ። ወለተ ሰንበት የልጇን በርኖስ ታቅፋ ወጣች፤ ፈረሱ ተጭኖ ከኋላዋ። “አስማማው፣ የት ጣሉህ ልጄ?” ደረት ተደቃ። ሊጠብቀን የመጣው ጣሊያን ሻምበል ጠጋ አለኝ።

“አስማማው ማነው?”

“ባሏ ነው... በሲኒማው። ሸምግሎ ሞተ ትላለች።”

ሻምበሉ ትንሽ አየኝና ሲጋራውን ለኮሰ።

ሲኞሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? “አበዛችው፤ እውነት አይመስልም። ቀነስ ታድርግ በላት።” ደንቆሮ! አልነገርኋትም።

ኅዳር 21

ፊልሙ በቆርቆሮ ታሽጎ በካሚዮን ሄደ። ድምፅ አልቀዱም። ሮማ ላይ ዘፈን ይገጥሙበታል አሉ። በወለተ ሰንበት ለቅሶ ላይ የሮማ ዘፈን...

ጠዋት ምንጭ ላይ አገኘኋት። “እግዜር ይስጥህ። ልጄ ተለቀሰለት፤ የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ” አለችኝ።

እነዚያ ሊቃውንት ሲመጡ ሴቷን አራሽ፣ የበሬውን አበባ ሁሉ አምነው ይጽፋሉ፤ ይታየኛል። ለቅሶውን ግን ቴአትር ነው ብለው ያልፉታል። ዘፈኑን ትተው በርኖሱን እንዴት እንደያዘችው ቢያዩ... ማን ይነግራቸዋል?

ሲኒማውን ስንቀው ሰነበትሁ። አሁን ያ ቆርቆሮ እሳት እንዳይነካው እለምናለሁ። የአስማማው ለቅሶ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።