በቁም ሣጥን ስለታሸጉት ስልሳ ሁለት ታካሚዎች

ለተከበሩ የጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት ነው? የጤና ሹም የሆኑትን ሰው ስለ ጤና መጠየቅ ለቀባሪው አረዱት እንደማለት እንደሚቆጠርብኝ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ያደግሁት ሰላምታ ሳይሰጡ ወቀሳ መጀመር በማይፈቀድበት ቤት ስለሆነ ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የአንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ አያት ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ የታሸገ ነገር ለመክፈት ምን ያህል እንደሚቸገር በዓይኔ ስላየሁ፣ ፖስታውን ብለጥፈው አይነበብልኝም ብዬ ሰግቼ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የአራተኛ «ለ» ተማሪዎች መምህርታቸው ክፍሉ በዚህ መንፈቅ የራሱን ትንሽ ንግድ አቋቁሞ እንዲሠራ ስላዘዘቻቸው ተሰብስበው መከሩ። ከረሜላ እንሽጥ ያለ ነበር፤ ሻጮቹ ራሳቸው ይጨርሱታል ተብሎ ወደቀ። ጥንቸል እናርባ ያለም ነበር፤ ጥንቸሏ ማን ቤት ታድራለች በሚለው ሁለት ልጆች ስለተቧቀሱ እሱም ቀረ። በመጨረሻ የልጅ ልጄ ተነሥታ፣ መጽሐፉ ያልተቀደደበት ሰው እጁን ያውጣ አለች። እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ገበያውም በዚሁ ተገኘ። እኔም ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት እየሄድኩ የወስፌ አያያዝ፣ ክር በሰም መሳብ፣ የመጽሐፍ ጀርባ በሙጫ ማቅናት አስተማርኳቸው። ዋጋው በወረቀት ሆነ፦ መጽሐፉ የተሰፋለት ተማሪ ከአሮጌ ደብተሩ ሁለት ያልተጻፈባቸው ቅጠሎች ይከፍላል፤ ልጆቹ ቅጠሉን አጠራቅመው አዲስ ደብተር ይጠርዙና በእርሳስና በላጲስ ይለውጡታል። ፈተና ሲቃረብ ሥራው ደራ፤ ሥራው ሲደራ ደግሞ ማስታወቂያ አስፈለገ።

መዘዙ የመጣው በማስታወቂያው ነው። ክፍሉ ውስጥ ጽሕፈቷ የሚያምር አንዲት ልጅ አለች፤ ጽሕፈቷ ያምራል እንጂ ቦታ መገመት አትችልም። ካርቶኑ ላይ «ሕክምና» የሚለውን በትልልቁ ጽፋ ስትጨርስ «የመጻሕፍት» ለሚለው ቦታ አጣችለትና፣ የጉንዳን ዓይን በሚያህል ፊደል ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ «ስፌት፣ ቀዶ ጥገና፣ አስተኝቶ ማከም» ብላ ጨመረችበት፤ ካርቶኑም ወደ መንገድ በሚያሳየው መስኮት ላይ ተሰቀለ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እርስዎ ፈርመውበታልና ያውቁታል፤ ቅሬታዎቼንና ምስጋናዎቼን ግን በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍሉ ጣሪያ እንደሚያፈስ ለመሥሪያ ቤትዎ ማመልከት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ነርሷ እንዳጫወተችኝ እስካሁን የደረሳት መልስ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጽ ብቻ ነው። የልጆቹ ካርቶን ግን በተሰቀለ በአራተኛው ቀን ሦስት ተቆጣጣሪዎች፣ አንድ መኪናና አንድ ሙሉ ዘንግ የማኅተም ሰም ተልኮለታል። ነርሷም ከእንግዲህ ማመልከቻዋን በአራተኛ ክፍል ተማሪ ለማጻፍ አስባለች።

ሁለተኛ፤ የዋና ተቆጣጣሪዎን የንባብ ጥንቃቄ ሳላደንቅ ማለፍ ነውር ነው። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጆቹ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ካርድ አውጥተውለት ነበርና እሳቸው አንድ በአንድ አነበቡት። አንዱ ካርድ «ታካሚ፦ ሒሳብ። ሕመም፦ ወገቡ ተቆርጧል፤ ማካፈል ላይ ሲደርስ ይወድቃል» ይላል። ሌላው «ታካሚ፦ ሳይንስ። ከገጽ አርባ እስከ ሃምሳ ሁለት ጠፍቷል፤ ታናሽ ወንድም ይጠረጠራል» ይላል። አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደግሞ «ምንም አልሆነም፤ ባለቤቱ ነው የማይገባው» ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ዋና ተቆጣጣሪዎ ይህን ሁሉ አንብበው ሲያበቁ «ያለ ማደንዘዣ ይሰፋሉ» ብለው መዘገቡ። «ክፍያ፦ ሁለት ቅጠል» የሚለው ላይ ሲደርሱማ ፊታቸው ተለወጠ፤ እኛ ጠራዦች ቅጠል የምንለው የወረቀቱን ነው ብዬ ባስረዳቸውም፣ ያለ ፈቃድ በቅጠል ማከም የሚል ሌላ ክስ ተጨመረ። መምህርቷ መጻሕፍቱን እያነሣች ብታሳያቸው፣ አይቻለሁ፣ ነገር ግን የተጻፈው ሕክምና ነው፣ የተጻፈ ደግሞ ተጽፏል አሏት። በቃለ ጉባኤውም «ታካሚዎቹ መጻሕፍት መሆናቸው ጥፋቱን አያቀልለውም፤ ሕመማቸውን መናገር የማይችሉ በመሆናቸው ያከብደዋል» የሚል ሰፍሯል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ የሕግ መጽሐፍ ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ግን በእጄ አላለፈም።

ሦስተኛ፤ ተቆጣጣሪዎ የተቋሙን ኃላፊ ጠይቀው የልጅ ልጄ ስትቀርብ የሙያ ደረጃዋን ጠየቋት። እሷም ሦስተኛ ክፍልን በአራተኛ ደረጃ ማለፏን፣ ሦስተኛ የወጣችው ልጅ ደግሞ ካርድ ክፍል እንደምትሠራ በትሕትና አስረዳች። ይህም በቅጹ ላይ «የሦስተኛ ደረጃ ባለሙያ አንዲት፣ የአራተኛ ደረጃ ባለሙያ አንዲት» ተብሎ ተሞልቷል። ስለ ሹመቱ ሁለቱም ቤተሰቦች ያመሰግናሉ።

አራተኛው ቅሬታ ከተቆጣጣሪዎችዎ አንዱ ሙጫ የፈሰሰበት ወንበር ላይ ስለ መቀመጣቸው ነው፤ እሱ ግን የእኛ ሳይሆን የእሳቸው ቅሬታ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

አምስተኛ፤ ዋና ተቆጣጣሪዎ የማሸጊያውን ሕግ ሊያነቡልን ትልቁን መዝገብ ሲከፍቱት፣ መዝገቡ ከጀርባው ተገንጥሎ ሕጉ ወለሉ ላይ ተበተነ። አንቀጽ ዘጠኝ ከዴስክ ሥር ገባ። ልጆቹ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው ወረቀቱን ለቀሙ፣ በቁጥሩ ደረደሩ፣ ወጉ፣ ሰፉ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም አስረከቧቸው። ዋና ተቆጣጣሪዎ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ጥሩ ነው አሉ፤ ቀጥለውም በዚያው በተሰፋው መዝገብ ውስጥ ካለው ከአንቀጽ ዘጠኝ፣ ልጆቹ ከእንግዲህ መስፋት እንደማይችሉ አነበቡላቸው። የመሥሪያ ቤትዎ ሕግ እንዲህ ጠብቆ ሲያዝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስድስተኛ፤ ስልሳ ሁለት መጻሕፍት ያሉበት የክፍሉ ቁም ሣጥን በቀይ ሰም ከታሸገ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ለማስከፈት አምስት ጊዜ ወደ እርስዎ ዘንድ ተመላልሻለሁ፤ ደረጃዎ ሃያ ሁለት እርከን መሆኑን ጉልበቴ ይመሰክራል። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን እሽጉ የሚነሣው ተቋሙ በሕግ ሲዘጋ እንደሆነ፣ ተቋሙ በሕግ እንዲዘጋ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ተነገረኝ። በሦስተኛው ቀን ለፈቃዱ የሚያስፈልገው ዝርዝር ተሰጠኝ፦ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ለወንድና ለሴት ታካሚ የተለየ መጸዳጃ። ልጆቹ ዝርዝሩን ከልባቸው ተቀብለው ሳፋ ከቤት አመጡ፤ ነገር ግን ሒሳብ ወንድ ነው ሴት በሚለው መስማማት አቅቷቸው ሥራው እዚያ ላይ ቆመ። በአራተኛው ቀን አንድ ቅን ሠራተኛዎ ነገሩን ሊያቀሉልኝ አስበው፣ ታካሚዎቹ በአካል ቀርበው ድነናል ብለው ቢፈርሙ ይበቃል አሉኝ። በአምስተኛው ቀን እኚያ ቅን ሠራተኛ ዕረፍት ወጥተው ጠበቁኝ።

ሰባተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የዓመቱ ፈተና የፊታችን ሰኞ ይጀምራል። በዚያ ትምህርት ቤት አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ነው የሚያነቡት፤ ስለዚህ እርስዎ ያሸጉት ስልሳ ሁለት መጽሐፍ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ልጆች የሚያጠኑበት ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ የፊደል መጽሐፏን አስተኝታ የሄደች አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ አለች። በየማለዳው ትመጣና አፏን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠግታ፣ ተሻለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። የልጅ ልጄም መጽሐፋችንን የት አደረስሽው የሚሏትን ልጆች ሽሽት በዕረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ትታለች፤ ትናንት ደግሞ የሰጠኋትን ወስፌ በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። በሙያዬ መርፌ ጣቴን ያልወጋበት ሳምንት አልነበረም፤ እንደ ትናንቱ ግን አላመመኝም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የማሳምርበት መንገድ ብፈልግ አጣሁ።

ልጆቹ በበኩላቸው ጥፋታቸውን አርመዋል። ጽሕፈቷ የሚያምረው ልጅ አዲስ ካርቶን ላይ «ሕክምና» የሚለውን አውጥታ «ጥገና» የሚል አስገብታለች። ደስ ያለኝን ያህልም ሰግቻለሁ፤ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ይህን አንብቦ ከነማሽኑ እንዳይመጣብን መምህርቷ ካርቶኑን ለጊዜው በግልባጩ ሰቅላዋለች።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ ቢያንስ እሑድን እንዲያጠኑበት፣ እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ አንድ ሰው ልከው ያንን ሰም ያስነሡልን። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ የወጥ ቤት ቢላዋና ግማሽ ደቂቃ መሆኑን በሙያዬ አረጋግጣለሁ፤ ቢላዋውን እኔ አመጣለሁ፣ ግማሽ ደቂቃዋን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

የመኪናዎ ጎማ እንዳይተነፍስ፣ የስብሰባዎ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጡረተኛዋ መጽሐፍ ጠራዥ፣
የተቋሙ ኃላፊ አያት

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የክትባት መዝገቧን እንድትከድንበት፤
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ።

ከፊርማ በኋላ፦ ለሰኞው የአማርኛ ፈተና ልጆቹ አጥንተው እንዲመጡ ከታዘዙት ፈሊጦች አንዱ «ጥራዝ ነጠቅ» የሚል ነው፤ ትርጉሙም በምሳሌ ተደግፎ መብራራት አለበት። የልጅ ልጄ መጽሐፏ በእርስዎ ሰም ስለታሸገ እኔን ጠየቀችኝ። ትርጉሙን ነገርኳት፤ ምሳሌውን ግን ራሷ አገኘችው። የመሥሪያ ቤትዎን ስም ለመጻፍ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከፈተናው በፊት ቢያሳውቁን ደስ ይለናል። ፊደል ትሳሳታለች ብለው ግን አይስጉ፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ካተሙት ማኅተም እያየች በትክክል ገልብጣዋለች።