ትሎቼን በሎሚ ልጣጭ ለፈጁት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ቅዱስ
የአረንጓዴ ጓሮ ጉብኝት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጭሮ

ትሎቼን ፈጅተውብኛል። ይህን ካስቀደምኩ ዘንዳ፣ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ቆዳዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

1. ለጓሮዬ መዓዛ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ዕለት እኔ ቦኬ ገበያ ውዬ ሳለ፣ ከላይ የሚመጡትን እንግዶች ፍግ እንዳይሸታቸው ብለው፣ ከጁስ ቤት ሦስት ጆንያ የሎሚና የአናናስ ልጣጭ አምጥተው ትል በማረባበት ገንዳ ውስጥ አስደፍተዋል። ጎረቤቴ ፋጤ በአጥር ላይ ሆና፣ ትል ኮምጣጣ አይችልም፣ ኦቦ ዱጉማ ሎሚ የቆረጠ ቢላ እንኳ አያስጠጉም ብላ ብትጮህ፣ ታዲያ ትል ምላስ አለው እንዴ እህቴ ብለው ሰዎችዎን እንዳሳቁ ነግራኛለች።

2. ትል ምላስ ባይኖረውም መላ ገላው እርጥብ ቆዳ ነው፤ የሚተነፍሰውም በእሱ ነው። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን አሥራ አንድ ዓመት ገንዳው ላይ ጎንብሼ ነው። ዓርብ ጠዋት እንግዶችዎን ይዘው ሲመጡ፣ አሲድ የለበለባቸው ትሎቼ እየተቋጠሩ በገንዳው ጠርዝ ወደ ውጭ ይጎርፉ ነበር። ዶሮ ቦጫጨቃቸው፤ የተረፉትን እንግዶችዎ በተወለወለ ጫማ ጨፈለቋቸው። እርስዎ ግን ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ ምርታማነቱ ከገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ ብለው አስጨበጨቡ።

3. ጭብጨባው ሳያበቃ ከራስዎ በስንዝር አልፎ ግድግዳውን የነደለውን አካፋ የወረወርኩት እኔ ነኝ። የሳትኩዎት ዓይኔ ከድቶኝ ነው። በደጄ ያስተከሉትን፣ ሞዴል ገበሬ የሚለውን የእንጨት ሰሌዳዎን ግን አልሳትኩትም፤ በመጥረቢያ ፈልጬ አንድጄዋለሁ።

በሁለት እፍኝ ትል ጀምሬ ድንጋይ የነበረውን ጓሮ አፈር አድርጌው ነበር። የፋጤም ጎመን የበቀለው በዚያው አፈር ነው። ገንዳውን እስከ ታች ብቆፍር በሕይወት ያለ አንድ ትል አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ፣ እንግዶቹ በመጪው ወር ስለሚመለሱ በፊታቸው እንድንታረቅና አዲስ ትል እንድቀበል ሽማግሌ ልከዋል። ለደግነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ገንዳውን በዶማ አፍርሼዋለሁ፤ ለእንግዶችዎ ፍርስራሹን ያስጎብኙ።

ቂሜን እንደያዝኩ፣ አክብሮቴንም ሳላጓድል፣
ዱጉማ ቶሌሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእንግዶቹ አንዷ ጫማዋን እየጠረገች፣ ትሎቹ ምን ሆነው እንደሞቱ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ ያው ድምፅ ማጉያው ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። እኔ ግን ለሽማግሌም፣ ለዳኛም፣ ለእርስዎም፣ ስለዚህ ነገር እስክሞት ድረስ አንድ ቃል አልናገርም።